የታማኝነቴ ሒሳብ

በጅቡቲ መስመር የሚያውቁኝ ሹፌሮች ብዙዎቹ በስሜ አይጠሩኝም። "ታማኙ" ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጡልኝ አሠሪዬ ነበሩ። እንግዳ ባለበት ትከሻዬን ይዘው "ይሄ እኮ ታማኜ ነው፤ ቁልፍ ሰጥቼው ተኝቼ የማድር ሰው ነው" ይሉ ነበር። ጓደኞቼም ስሙን ተቀበሉት፤ እኔም ወደድኩት። ሌላ የምኮራበት ነገር ስላልነበረኝ በስሙ ኮራሁ።

የምናዘዘው ስለዚህ ስም ነው። ታማኝነትን ልነቅፍ አልተነሣሁም። በሌሊት በረሃ የሚነዳ ሰው ያለ መተማመን አንድ ቀን አይውልም። ነገር ግን ለዓመታት ታማኝነት ስለው የኖርኩትን ነገር አንድ በአንድ ስፈትሸው ከእውነተኛ ፍቅር ጋር ፍርሃትም፣ ይሉኝታም፣ ለመመስገን መጓጓትም ተቀላቅሎበት አገኘሁት። ሳልለየው በመኖሬ ራሴን ጎዳሁ። ከራሴም አልፌ ከእኔ በታች ያለ ሰው ጎዳሁ።

አሠሪዬ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ኑዛዜዬ ሐሰት ይሆናል። በወጣትነቴ ሞጆና አዳማ የከባድ መኪና ማቆሚያዎችን ስዞር "ዋስ አለህ?" እየተባልኩ ተመልሻለሁ። ያን ያህል ንብረት ዋስ ለሌለው ልጅ የሚያስረክብ ማን አለ? ጋሼ ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ከጎኔ ተቀምጠው አነዳዴን አዩና ቁልፉን ሰጡኝ። እሳቸውም የድሮ ሹፌር ናቸው፤ አገራችን እስከ 1990 ድረስ በአሰብ ወደብ ስትጠቀም በዚያ መንገድ የተንከራተቱ። ረሃቡንም ጥማቱንም ያውቁታል። እናቴ ያረፈች ጊዜ የቀብሩን ወጪ ከኪሳቸው ሸፍነው ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። ወንድ ልጄ ሲወለድ ክርስትና አነሡልኝ፤ አበልጅ ሆንን።

ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው ጋር ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር ሆነብኝ። ከአበልጅ ጋር ስለ ትርፍ ሰዓት ይወራል? ልጄን በእጁ ታቅፎ ካህን ፊት የቆመን ሰው "ጡረታዬስ?" ይሉታል? ውለታቸው እውነተኛ ነበር፤ ምስጋናዬም እውነተኛ ነበር። ችግሩ ያደገው በዚህ በሁለቱ እውነት መካከል ስለሆነ ለረጅም ጊዜ አላየሁትም።

የምከፈለው በምልልስ ነበር። ወርጄ ጭኜ ስመለስ የአንድ ምልልስ ይታሰብልኛል፤ መኪናው ከቆመ ሒሳቡም ይቆማል። መስመሩን ለማያውቅ ሰው ይህ ፍትሐዊ ይመስላል። ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ መጠበቅ ነው። ወደቡ ላይ የመጫኛ ወረፋ ይጠበቃል፤ ሰነድ ይጠበቃል፤ ኬላ ላይ ፍተሻ፣ ሚዛን ላይ ተራ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደግሞ ማራገፊያ። በሐሩሩ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ጋቢናው ውስጥ መቀመጥ፣ ከጋቢናው ውጭም መቆም አይቻልም። ያን ሁሉ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ጭነቱን ጥዬ መሄድ አልችልም። በሒሳቡ ግን ሥራ ፈት ነኝ። የሌላ ሰው ወረፋ፣ የሌላ ሰው ሰነድ መዘግየት፣ የሌላ ሰው ክሬን መበላሸት በእኔ ኪስ ይከፈል ነበር። የውል ወረቀት አልነበረኝም። የዓመት ፈቃድ አላውቅም። ጡረታ አልተመዘገብኩም። ጠይቄም አላውቅም።

አንድ ጊዜ ማዳበሪያ ጭኜ ስመለስ ሰርዶ ሳልደርስ የተሳቢው ጎማ ፈነዳ። ጎማው ያረጀ፣ ክሩ የወጣ ነበር። ከመነሣቴ በፊት አሳይቻቸው ጋሼ "ይህችን ምልልስ ተወጣባት፤ ስትመለስ እንቀይራለን" ብለውኝ ነበር። ረዳቴ ክሪኩ አሸዋው ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ አነጠፈ። የጎማው ብሎኖች በእጅ አይነኩም፤ ሸሚዙን አውልቆ እጁን ጠቀለለበትና በዚያ ይዞ ይፈታ ጀመር። የተቃጠለ ጎማ ሽታ አየሩ ላይ ቆሟል። ጥላ የሚባል ነገር ከመኪናው ሆድ በታች ካልሆነ የለም። እዚያ ሥር የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። "ፈጠን በል" እያልኩት።

አዲስ አበባ ስገባ ጋሼ ቢሮ ተጠራሁ። ሻይ አዘዙልኝ። ስለ ክርስትና ልጃቸው ጠየቁኝ፣ ትምህርት እንዴት ነው አሉኝ። ከዚያ መዝገቡን ገልጠው "ጎማዋን እንቻቻል፤ ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኔ። አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ፤ ሌላ ሹፌር ቢሆን ሙሉውን ነበር የማስከፍለው" አሉኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ከደመወዜ ስለተቆረጠው ገንዘብ አመስግኜ ወጣሁ። ማስመሰል አልነበረም፤ ከልቤ ነው ያመሰገንኩት። ግማሹን የማሩኝ መስሎኝ ነበር። ያረጀ ጎማ አሰማርተው የፈነዳውን ጎማ ዋጋ እንዳስከፈሉኝ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለ ናፍጣም ልናገር፤ ስለ ሹፌር ኑዛዜ እየጻፉ ናፍጣን መዝለል አይቻልም። በመስመሩ ላይ ሌሊት ከታንኩ በቱቦ ስቦ በጀሪካን የሚሸጥ ሹፌር አለ። ሁሉም አይደለም፤ ግን አለ። የሚሸጠው ሹፌር "የሚገባኝን ስላልከፈሉኝ ራሴው ከፈልኩ" ይላል። ባለቤቱ "ስለሚሰርቀኝ አልጨምርለትም" ይላል። አንዱ ለሌላው ምክንያት እየሆነ ሁለቱም ሳይተማመኑ አብረው ያረጃሉ። እኔ ከጋሼ መኪና አንድ ሊትር አልሸጥኩም። የንስሐ አባቴ ስለ ስርቆት ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ቀና ብዬ ነው የመለስኩት።

ነገር ግን እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ከማንም በላይ አፉን ሞልቶ የሚገባውን መጠየቅ ይችላል። እኔ ንጽሕናዬን ለጥያቄ አልተጠቀምኩበትም። ከሌሎቹ በላይ ለመታየት ነው የተጠቀምኩበት። ናፍጣ የሚሸጡት ዝቅ ባሉ ቁጥር እኔ ከፍ ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ሎጊያ ሻይ ቤት ውስጥ ሹፌሮች ተሰብስበው "የመቆሚያ ቀን አበል እንዲታሰብልን በአንድነት እንጠይቅ" ሲሉ "የእኔ አሠሪ እንደ እናንተዎቹ አይደሉም" ብዬ ተነሥቼ ሄጃለሁ። በኋላ እንደሰማሁት ሌሎች ባለንብረቶች ሹፌሮቻቸው ሲጠይቋቸው "ታማኙን እዩት፤ እሱ መቼ ጠየቀ?" ይሏቸው ነበር። የእኔ ዝምታ የሌላውን ሰው አፍ ማዘጊያ ሆኖ አገለገለ። ይህ ከኃጢአቴ አንዱ ነው፤ ማንም ያስተሰረየልኝ የለም።

ጋሼ ማታ ይደውላሉ። "አበልጄ፣ ነገ ጠዋት ሞጆ ብትገባልኝ ተራ ይያዝልኛል። ካልቻልክ ግን ይቅር።" ሁልጊዜ "ካልቻልክ ይቅር" ይሉ ነበር። ከልባቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ምክንያቱም አንድም ቀን "አልቻልኩም" ብዬ አልፈተንኩትም። ከእነዚህ ሌሊቶች በአንዱ ገዋኔን አልፌ ወደ አዋሽ አርባ ስነዳ "ጋሼ!" የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ረዳቴ ነው። የፊት ጎማው አስፋልቱን ለቆ ጠጠር ላይ ነበር። መኪናውን አቁሜ ወረድኩ፤ እግሬ አልያዝ አለኝ። በዚያ ሌሊት ሰው ቢሞት የምታሰረው እኔ ነኝ፤ ያ ልጅ ቢሞት ለእናቱ የምነግራት እኔ ነኝ። "ብትገባልኝ" ያለ ሰው በክሱ መዝገብ ላይ ስሙ አይጻፍም። ፊቴን ታጥቤ ጋቢና ገባሁና ነዳሁ። ጠዋት ሞጆ ደረስኩ። ጋሼ ደውለው "አላልኩም? የእኔ ታማኝ!" አሉኝ። ስለ ሌሊቱ አልነገርኳቸውም። ምስጋናውን ላበላሽ አልፈለግኩም። አንዲት የምስጋና ቃል ከሁለት ሰው ሕይወት በላይ ጣፍጣኝ ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም ልሰጠው ሞክሬ አልቻልኩም።

አገርም እንዲሁ አመስግናናለች። ከገቢና ወጪ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በ2010 የንግድ ሥራ ቢጀምርም አብዛኛውን ጭነት አሁንም የምናመላልሰው እኛ ነን። በ2012 ኮሮና ሲገባ ሌላው ቤቱ ሲቀመጥ እኛ ድንበር ላይ ምርመራ እየጠበቅን አድረናል፤ ሰፈር ስንገባ ጎረቤት በር ዘግቶብናል። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሚሌ ሲጠጋ መንገዱ እንዳይቋረጥ የነዳነው እኛ ነን። "የሀገር ባለውለታ" ተብለናል። ቃሉን አልጠላሁትም። ግን ከዚያ ሁሉ ወዲህም ጡረታ ያልተመዘገበው ሹፌር ጡረታ አልተመዘገበም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ደረስኩ።

ጋሼ ለእኔ የሚያደርጉትን ሁሉ እኔ ለረዳቴ አደርግ ነበር። ደመወዙን ከምልልሴ ላይ የምከፍለው እኔ ነኝ። ምልልስ ሲቀንስ መጀመሪያ የምቀንሰው የእሱን ነበር። እኔ ጋቢና ውስጥ ስተኛ እሱ ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ጭነት እየጠበቀ ያድራል፤ ሲነጋ ሸራውን ይፈታል፣ ያስራል፣ ጎማ ይመታል፣ መስታወት ያጥባል። ቀን ቀን ደግሞ እኔ እንዳልተኛ እያዋራኝ ይጓዛል። የሌሊት ጥበቃውን እንደ ሥራ ቆጥሬው አላውቅም። ሲታመም መድኃኒት ገዝቼለታለሁ፤ ለእናቱ ለበዓል ዶሮ ልኬያለሁ። ስለዚህ ራሴን እንደ አባቱ እቆጥር ነበር። "ቆይ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣልሃለሁ" እለዋለሁ በየዓመቱ። ጋሼም እኔን "አንድ ቀን አሮጌዋን መኪና በረጅም ጊዜ ክፍያ እለቅልሃለሁ" ይሉኝ ነበር። እኔ በመኪናዋ ተስፋ እነዳለሁ፤ ልጁ በመንጃ ፈቃዱ ተስፋ ከተሳቢ ሥር ያድራል። ሁለታችንንም ያቆየን ያልመጣ ነገር ነበር።

አንድ ጠዋት ሎጊያ ላይ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ፊቴ ቆመ። "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሌላ መኪና አግኝቻለሁ" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "ከሜዳ አንሥቼህ! የበላህበትን ወጪት ሰባሪ!" አልኩት።

ልጁ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "የበላሁትን ሠርቼበታለሁ፣ ጋሼ" አለኝና ሄደ።

ያን ዕለት እስከ አዋሽ ሰባት ስረግመው ሄድኩ። ቃሉ ግን አልለቅህ አለኝ። የበላውን ሠርቶበታል። በሰርዶ ፀሐይ በሸሚዙ እጁን ጠቅልሎ ሠርቶበታል። በገዋኔው ሌሊት ሕይወቴን በማትረፍ ሠርቶበታል። ታዲያ ዕዳው የማን ነው? እሱ የሚፈለግበትን ከፍሎ ሄደ፤ ሳልከፍል የቀረሁት እኔ ነኝ። የሚያስደነግጠው ደግሞ ይህን ሁሉ ያደረግኩት በጭካኔ አለመሆኑ ነው። ልጁን እወደው ነበር። ፍቅሬ ሒሳብ እንዳልሠራ አደረገኝ እንጂ ከመበደል አልጠበቀውም። ጋሼም እኔን ይወዱኝ እንደነበር አልጠራጠርም።

ከዚህ በኋላ ነው ታማኝነቴን መመርመር የጀመርኩት። ፍርሃቴ ሥራ የማጣት ብቻ አልነበረም፤ "ውለታ በላ" መባልን ነበር ከምንም በላይ የምፈራው። በእኛ ዘንድ ድሃ ከመሆን ውለታ ቢስ መባል ይከፋል። ይህ ፍርሃት ጥሩ ሥር አለው፤ ሰው ውለታ ሲያውቅ ነው ሰው የሚሆነው። እኔ ግን የውለታን ልክ አላወቅኩም። የእናቴን ቀብር ያስፈጸሙ ሰው ምስጋናዬን፣ ጸሎቴን፣ በክፉ ቀናቸው መገኘቴን ሊጠብቁ ይገባቸዋል። እንቅልፌንና የእርጅና ጡረታዬን ግን በውለታ ስም ሊወስዱ አይገባም። ለቀብር ያወጡት ስጦታ ነው፤ የምልልሴ ክፍያ ግን ዕዳ ነው። ስጦታ የሰጠ ሰው ዕዳውን ከፈለ አይባልም።

ልጄ፣ ያው የጋሼ የክርስትና ልጅ፣ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አምጥቶ አነበበልኝ። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለ። ከሠራተኛ ደመወዝ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ደብዳቤው ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። "አየህ አባዬ፣ ወረቀት የለኝም ብለህ የምትፈራው ነገር የለም" አለኝ። የጡረታውም ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ከ2003 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ።

ቀጥሎ ያነበበልኝ ነው ከወንበሬ ያስነሣኝ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከሚገባው ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ "ጋሼን አላስቀይምም" ብዬ በዝምታ ያሳለፍኩት እያንዳንዱ ስድስት ወር ለሚመጣ ጊዜ የተቀመጠ አልነበረም፤ አብሮት እየጠፋ ነበር። እኔ ትዕግሥቴ የሆነ ቦታ የሚጠራቀም፣ አንድ ቀን በመኪና ወይም በቤት የሚመለስልኝ ይመስለኝ ነበር። ሕጉ እንደዚያ አይቆጥርም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የነቃሁት ብዙው ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ስል የባለንብረቱን ጭንቅ ረስቼ አይደለም። ጋሼ መኪናዋን የገዙት በባንክ ብድር ነው፤ ቆማም ወለድ ትቆጥራለች። ጭነት አስጫኙ ሒሳብ ያዘገያል። በየመንገዱ የኮቴ እየተባለ ይከፈላል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ ጣሪያ ነካ። መንገዱ ሰላም ባልሆነ ጊዜ መኪናም ሹፌርም ወጥተው የሚቀሩበት ቀን አለ። እውነት ነው፣ ባለቤቱ ይጨነቃል። ሆኖም ጭንቀቱ ሁሉ ወርዶ የሚያርፈው መኪናው ላይ ድርሻ በሌለው ሰው ላይ ከሆነ፣ ትርፉ ሲመጣ ደግሞ ወደዚያ ሰው ካልወረደ፣ "ቤተሰብ ነን" የሚለው ቃል ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ባለንብረቶች ማህበር አላቸው፤ ስለ ታሪፍ በአንድነት ይነጋገራሉ፤ መብታቸው ነው። ሕጉ ለእኛም ፈቅዷል፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሠራተኞች ማህበር ማቋቋም ይችላሉ፤ እንደ እኛ በየአንድ ሁለት መኪናው የተበተኑት ደግሞ ጠቅላላ ማህበር መመሥረት ይችላሉ። ሎጊያ ሻይ ቤት ውስጥ ትቻቸው የተነሣሁት ሰዎች ይህን ነበር ሊጀምሩ የፈለጉት።

በመጨረሻ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። በስልክ አላደረግኩትም፤ እቤታቸው ሄጄ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ያደረጉልኝን አልረሳም። እስክሞት አልረሳም። ግን ውል ይጻፍልኝ፤ ጡረታ ያስመዝግቡኝ፤ የመቆሚያ ቀን ይታሰብልኝ" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ማን መከረህ?" አሉኝ። ቀጥለውም "እኔና አንተ ወረቀት ያስፈልገናል?" አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር፤ ያ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ፤ "ይቅር፣ ይተዉት" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የረዳቴ ቃል ነው የያዘኝ። "የበላሁትን ሠርቼበታለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው። ዝም ብለን ቆየን። የወደፊቱን ውል ጻፉልኝ፤ ጡረታም አስመዘገቡኝ። የመቆሚያ ቀን ክፍያውን እምቢ አሉ፤ ያለፈውንም አልመለሱልኝም። ከአንድ ዓመት በኋላ የመቆሚያ ቀን ወደሚያስብ ሌላ ድርጅት ተዛወርኩ። አበልጅነታችን አልፈረሰም፤ ለልጄ ምርቃት መጥተው መርቀውታል። የሚገርመው ዛሬ አብረን ስንቀመጥ ከድሮው ይልቅ እቀርባቸዋለሁ። የማመሰግናቸው ስለምፈራቸው እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ።

ረዳቴን አዋሽ ሰባት አገኘሁት። ዛሬ ሹፌር ነው፤ መንጃ ፈቃዱን በራሱ ገንዘብ አውጥቷል። የቀነስኩበትን አስቤ ወስጄ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ ምሳም ጋበዘኝ። የሌሊት ጥበቃውን ግን በምን ልተምንለት? ያ ሳይከፈል ቀርቷል፤ ሳይከፈልም ይቀራል። አዲሱ ረዳቱ ከእኛ ጋር አንድ ገበታ ላይ ሲበላ አየሁ፤ ደመወዙን በየወሩ አስፈርሞ እንደሚሰጠው ነገረኝ።

ወጣት ሹፌሮች፣ አሠሪያችሁን ውደዱ፤ መኪናውን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ፤ ናፍጣ አትንኩ። ግን ምልልሳችሁን፣ የቆማችሁበትን ቀን፣ የተቆረጠባችሁን ሁሉ በደብተር ጻፉ፤ ስድስት ወር ሳይሞላም ጠይቁ። "ካልቻልክ ይቅር" ሲሏችሁ እንቅልፍ በያዛችሁ ሌሊት አንድ ጊዜ "አልቻልኩም" በሏቸው። የሚሰጣችሁን መልስ ስትሰሙ ከእናንተ የሚፈለገው በጎ ፈቃድ ይሁን መታዘዝ ታውቁታላችሁ። ከሥራችሁ ያለውን ልጅ ደግሞ ክፈሉት፤ የራሱን ሳትከፍሉ የራሳችሁን መጠየቅ አትችሉም።

ባለንብረቶች ሆይ፣ ደግነታችሁን አትተዉት። ልቅሶ ድረሱ፣ ክርስትና አንሡ፣ ሹፌራችሁ ሲታመም ጠይቁት። ከዚያ በፊት ግን ውል ጻፉለት፣ ጡረታ አስመዝግቡት፣ የሠራበትን ቀን ሁሉ አስቡለት። ደመወዙ ያልተከፈለ ሹፌር ታማኝ ይሁን ፈሪ እናንተም እሱም ልታውቁ አትችሉም።